የደሴ ከተማ ምክር ቤት በ1940ዎቹ፦ ከንቲባው ተመርጦ ነው ወይስ ተሾሞ?

የሳላይሽ ልጅ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልን። ባለፈው የካቲት የአያቶቻችንን ቤት ስናስለቅቅ፣ ከአያታችን አልጋ ሥር በነበረ የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለ አንድ ወረቀት አገኘን። በአራት የታጠፈና እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ የደረሰ፣ በጽሕፈት መኪና የተጻፈ፣ ከግርጌው ክብ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ነው። ማኅተሙ ስለ ደበዘዘ አንበሳው ከወገቡ በላይ ብቻ ይታያል፤ ቀኑ ግን ታኅሣሥ 1942 ዓ.ም. ተብሎ በግልጽ ይነበባል። አያታችን ለደሴ ከተማ ምክር ቤት «ስለ ተመረጡ» በተባለው ቀን በማዘጋጃ ቤቱ እንዲገኙ የሚጠራ ነው። ከጀርባው ሁለት የግብር ካርኒዎች በዛገች ስፒል ተያይዘዋል።

ወረቀቱ በቤተሰባችን ውስጥ ክርክር አስነሥቷል። አጎቴ «አባዬ እኮ የደሴን ከንቲባ የመረጡ ሰው ናቸው» ብሎ ይምላል። አክስቴ ደግሞ «በጃንሆይ ዘመን ምን ምርጫ ነበር? ሹመት ነው እንጂ» ትላለች፤ አቦሉ ወርዶ ቶናው እስኪፈላ ድረስ ሲከራከሩ ሁለቱም ከቃላቸው ፈቀቅ አላሉም። እኔ የተወለድኩት ከዚያ ዘመን ብዙ ቆይቶ ስለሆነ ለማን ማድላት እንዳለብኝ አላውቅም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። በዚያን ጊዜ የከተማ ምክር ቤት አባልን ይመርጥ የነበረው ማን ነው? ከንቲባውስ ተመርጦ ነበር የሚመጣው ወይስ ተሾሞ? የግብር ካርኒዎቹስ ከደብዳቤው ጋር ለምን ተያይዘው ተቀመጡ? አያታችን ሥርዓት የሚወዱ ሰው ስለነበሩ፣ ያለ ምክንያት አያይዘዋቸዋል ብዬ አላምንም።

ጡረተኛው ጸሐፊ

ልጄ፣ ያንን ወረቀት ስላልጣላችሁት እግዚአብሔር ይስጣችሁ። እኔ በማዘጋጃ ቤት መዝገብ ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ። እንዲህ ያሉ ወረቀቶች በቤት ማስለቀቅና በቀለም ቅብ ሰበብ ስንት ጊዜ ከቆሻሻ ጋር ሲወጡ አይቻለሁ።

አጎትሽም አክስትሽም ግማሽ ግማሹን ይዘዋል። ጉዳዩ እንዲገባሽ ከሕጉ ልጀምር። ጣሊያን ከወጣ በኋላ መንግሥት አስተዳደሩን እንደ አዲስ ያዋቀረው በ1934ቱ የአስተዳደር ድንጋጌ ነው። ያ ድንጋጌ የከንቲባን ማዕርግ የሰጠው ለአዲስ አበባና ለጎንደር ነበር፤ የሌሎቹ ከተሞች ኃላፊ በዚያን ጊዜ ገና የከተማ ሹም ይባል ነበር። ማዕርጉ ራሱ አዲስ አልነበረም። ጎንደር ከጥንት ጀምሮ ከንቲባ ነበራት፤ አዲስ አበባም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ማብቂያ ከንቲባ ወልደ ጻድቅ ጎሹን የመጀመሪያው አድርጋለች። ከድንጋጌው ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1937 ዓ.ም.፣ የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 74 ወጣ። የአያትሽ ደብዳቤ የተጻፈው በዚህ አዋጅ ዘመን ነው።

በአዋጁ መሠረት የከተማው ምክር ቤት ከሁለት ወገን የተውጣጣ ነበር። በአንድ በኩል የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚልኳቸው ተወካዮች ይቀመጣሉ፤ በሌላው በኩል ደግሞ ከነዋሪው መካከል የሚመረጡ ኢትዮጵያውያን ይቀመጣሉ። እነዚህ ነዋሪዎች ግን ማንም ሰው አይደሉም፤ በከተማው ውስጥ የማይንቀሳቀስ ንብረት፣ ማለትም ቦታ ወይም ቤት ያላቸው ናቸው። ሰው ከተማ ውስጥ ሃያ ዓመት ኖሮ፣ ልጅ ወልዶ፣ ወዳጅ ዘመድ ቀብሮ ሊሆን ይችላል፤ ቦታ ከሌለው ግን ለዚህ ጉዳይ እንደ ነዋሪ አይቆጠርም። ካርኒዎቹ ከደብዳቤው ጋር የተያያዙት በዚህ ምክንያት ነው ብዬ ለመናገር አልፈራም። አንድ ሰው «ባለቦታ ነኝ» ሲል ማስረጃው በእጁ ያለው የከፈለበት ካርኒ ነበርና፣ ያለ ካርኒ የሚቆም ባለቦታ አልነበረም።

ወደ ከንቲባው ስንመጣ አክስትሽ ልክ ናት። ከንቲባ በንጉሠ ነገሥቱ የሚሾም ነበር፤ ሕዝቡም ምክር ቤቱም አይመርጠውም። ከበላዩ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ አለ፤ ከዚያም ላይ የአገር ግዛት ሚኒስቴር አለ። በወሎ ደግሞ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥነት የአልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ስለነበር፣ ደሴ ተቀምጠው የዕለት ሥራውን የሚመሩት እንደራሴዎቻቸው ነበሩ። ምክር ቤቱ ስለ ገበያ ቀረጥ፣ ስለ ቄራ፣ ስለ ውኃ፣ ስለ መብራት፣ ስለ ጥርጊያ መንገድ ይነጋገራል፤ የተነጋገረበት ተመን ግን ሥራ ላይ የሚውለው ሚኒስቴሩ ሲያጸድቀውና በነጋሪት ጋዜጣ በሕግ ክፍል ማስታወቂያ ሲታተም ነው። ስለዚህ አያትሽ ከአምሳያዎቻቸው ጋር ተቀምጠው የሰኞ ገበያን ቀረጥ ሊመክሩበት ይችሉ ነበር፤ የመጨረሻዋን ፊርማ የሚያኖረው ግን አዲስ አበባ ያለ ሰው ነው።

አጎትሽን ያሳሳተው «መረጠ» የሚለው ቃል ይመስለኛል። በዚያን ጊዜ አነጋገር ንጉሥም ይመርጣል። «ጃንሆይ መርጠው ሾሙት» ማለት የተለመደ ነው፤ «ተመርጦ ተሾመ» የሚለውም በየደብዳቤው አለ። የንጉሡ የራሱ ማዕርግ ሥዩመ እግዚአብሔር ነው፤ ሥዩም ማለት የተሾመ ማለት መሆኑን ልብ በይ። ሥልጣን ከላይ ወደ ታች እየተሾመ የሚወርድ ነገር ነው ተብሎ በሚታመንበት አገር፣ ከታች ወደ ላይ የሚመረጥ ሰው መኖሩ ራሱ እንግዳ ነገር ነበር። ቃሉ አንድ ሆኖ ሥራው ሁለት የሆነው ለዚህ ነው። እባክሽ ደብዳቤውን እንደገና ተመልከቺውና «ተመረጡ» ከሚለው ቃል በፊት ማን እንደ መረጠ የሚናገር ነገር ካለ ጻፊልን።

ከኮምቦልቻ

ጋሼ የጻፉት የሚያጠግብ ነው። እኔ አንድ ነገር ልጨምር፤ አጎትሽ ሌላ ምርጫ ከዚህ ጋር ቀላቅለው ይሆናል ብዬ ስለማስብ ነው።

በ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት አባላት በሕዝብ እንዲመረጡ ደነገገ። ከዚያ በፊት፣ በ1923ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት፣ ለዚያ ምክር ቤት አባል የሚመርጡት መኳንንቱና የየአገሩ ሹሞች ነበሩ። የመጀመሪያው ሕዝባዊ ምርጫ የተካሄደው የእኛ 1949 ወጥቶ 1950 ሲገባ ነው፤ የፈረንጅ መጻሕፍት 1957 የሚሉት እሱን ነው። ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ምርጫው በየአራት ዓመቱ ስለነበር በእኛ አቆጣጠር 1957 ሦስተኛው ምርጫ የተደረገበት ዓመት ሆነ፤ በዚህም ምክንያት ሁለቱ እየተምታቱ ቤተሰብ ሲያከራክሩ እኔም በቤቴ አይቻለሁ።

ልዩነቱ ትልቅ ነው። በእንደራሴዎቹ ምርጫ 21 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ ሁሉ፣ ወንድም ሴትም፣ ቦታ ያለውም የሌለውም፣ ድምፅ መስጠት ይችል ነበር። ንብረት የሚጠየቀው ዕጩው ነው፤ ዕድሜው 25 የሞላ፣ በምርጫ ክልሉ 1,000 ብር የሚያወጣ የማይንቀሳቀስ ወይም 2,000 ብር የሚያወጣ የሚንቀሳቀስ ንብረት ያለው መሆን ነበረበት። የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም፤ እያንዳንዱ ዕጩ የሚቆመው በራሱ ስም ነው። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በመጀመሪያው ምርጫ አዲስ አበባ ላይ አሸንፈው የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ሆኑ።

እናቴ በሦስተኛው ምርጫ፣ ማለት በእኛ 1957፣ ሐይቅ ላይ ድምፅ ሰጥታለች። ፊደል አልቆጠረችም፤ ዕጩዎቹን የምትለያቸው በሥዕል ምልክታቸው ነበር። ከዕጩዎቹ ስም አንዱንም እስከ ዕለተ ሞቷ አላስታወሰችም። የምታስታውሰው ሰልፉ ውስጥ ከፊቷ የቆሙት ባለጸጋ ሰው ዞር ብለው «አንቺም ለዚሁ ነው የመጣሽው?» እንዳሏት፣ እሷም «አዎን ጌታዬ፣ ለዚሁ ነው» ብላ መልሳ ቦታዋን ሳትለቅ እንደ ቆመች ነው። ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ ከፍ ይል ነበር። ያች ሴት በስሟ አንድ ክንድ ቦታ ስላልነበራት፣ ለከተማ ምክር ቤት ቢሆን ኖሮ ማንም አይጠራትም ነበር።

ስለዚህ እህቴ፣ አጎትሽ «ሁሉም ሰው ተሰልፎ መርጧል» የሚል ትዝታ ካላቸው፣ ያ የእንደራሴዎቹ ምርጫ ነው። የ1942ቱ ወረቀት ግን ከዚያ ይቀድማል፤ የሚናገረውም ስለ ጥቂት ባለቦታዎች ምርጫ ነው።

የልብስ ሰፊው ልጅ

ይህን ጥያቄ ሳነብ ዝም ብዬ ማለፍ ስላልቻልኩ ነው የምጽፈው። ዕድሜዬ ሰባ ስምንት ነው። አባቴ ሸዋ በር ላይ በአንድ ነጋዴ ቤት በረንዳ ሲንጀር መኪና ዘርግቶ ልብስ ይሰፋ ነበር፤ እኛም ከዚያው ግቢ ጀርባ በኪራይ አንድ ክፍል ቤት እንኖር ነበር። ቦታውም ቤቱም የሰው ነው።

የከተማው ምክር ቤት ሰዎች የሚመረጡበት ጊዜ ሲደርስ፣ አከራያችን ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከሳጥናቸው ካርኒያቸውን አውጥተው በኪሳቸው ከተው ሲወጡ አይ ነበር። አባቴ መኪናውን አቁሞ ከመቀመጫው ብድግ ይላል፤ እሳቸውም «ይቅናህ» ብለውት ያልፋሉ። ልጅ ስለነበርኩ «አባባ፣ አንተ ለምን አትሄድም?» ብዬ ጠየቅኩት። ክሩን በጥርሱ እየቆረጠ «እኔ የምሄድበት አይደለም፣ የቦታ ጉዳይ ነው» አለኝ። ብስጭት በድምፁ አልነበረበትም፤ ዝናብ ስለ ጣለ መንገዱ ጭቃ ነው እንደሚል ሰው ነበር የነገረኝ። ዛሬ ድረስ የሚከነክነኝ ይኸው ነው።

ይህ ሰው ድምፅ የሌለው ሰው አልነበረም። በሰፈራችን ቅሬ ዳኛ ነበር። ወሎ ያላደገ አንባቢ ካለ፣ ቅሬ ማለት በሌላው አገር ዕድር የሚባለው ነው፤ በእኛ ሰፈር እስላሙም ክርስቲያኑም ባለቤቱም ተከራዩም በአንድነት ይከፍልበት፣ በአንድነት ይቀባበርበት ነበር። ዳኛ ሲመረጥ ሁሉም በሜዳው ተቀምጦ ይነጋገራል፤ ስም ይጠራል፤ የተጠራው ሰው «አይሆንልኝም» ይላል፤ ሽማግሌዎች ይለምኑታል፤ ከዚያ በኋላ ይመረቃል። ቦታ አለህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። የሚታየው ሰውየው ድንኳን ሲተከል ቀድሞ መድረሱና የሰው ገንዘብ የማይበላ መሆኑ ነው። አከራያችንም ራሳቸው በዚያ ሜዳ ተቀምጠው ለአባቴ ድምፃቸውን ሰጥተዋል። ሁለቱ ሰዎች በአንድ ግቢ እየኖሩ፣ በቅሬው አባቴ ዳኛቸው ሆኖ፣ በከተማው ጉዳይ ግን እሳቸው ሲሄዱ አባቴ በረንዳው ላይ ይቀር ነበር።

እንዲህም ሆኖ ከተማዋ ከአባቴ ምንም አልተቀበለችም ማለት አይደለም። ለሥራው ፈቃድ ይከፍላል፤ የሚከፍለው ኪራይም ለአከራያችን የቦታ ግብር ይሆናል። ያ በኪሳቸው የነበረው ካርኒ አባቴ በመርፌ ከለቀመው ገንዘብ ውስጥ ነበረበት።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ሲሆን፣ ነገሩ በአንድ ቀን ተገለበጠ። ቀበሌ ተቋቋመ፤ ተከራይ ሁሉ ተሰብስቦ የሚመርጥ ሆነ፤ ትርፍ ቤት የተወረሰባቸው ደግሞ ለአንድ ዓመት እንዳይመርጡም እንዳይመረጡም ተከለከሉ። በዚያ የመጀመሪያ ስብሰባ አባቴ አልሄደም። ጠይቄው «ትናንት እኔ ቀረሁ፣ ዛሬ እሳቸው ይቀራሉ፤ እኔ ምን ልሥራ እዚያ?» አለኝ። ከስብሰባው ይልቅ አከራያችን ቤት ሄዶ ቡና ጠጥቶ መጣ።

እህቴ፣ በአያትሽ ላይ ቅሬታ ይዤ አይደለም የጻፍኩት። ያንን ወረቀት በክብር ያዙት። ነገር ግን ስለ ምርጫው ለልጆቻችሁ ስትነግሩ፣ በረንዳው ላይ የቀረውንም ሰው አብራችሁ ንገሩልኝ።

ጡረተኛው ጸሐፊ

ወንድሜ፣ ስለ አባትህ የጻፍከው ልቤን ነክቶታል። እኔ በሥራ ዘመኔ የባለቦታዎችን መዝገብ ስገለብጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። በመዝገቡ ላይ ያለው የቦታ ቁጥር፣ የቦታው ስፋት፣ የባለቦታው ስምና የከፈለው ግብር ነው፤ በቦታው ላይ ማን ይኖር እንደነበር የሚገልጽ ዓምድ አልነበረውም። ይህን ለዓመታት አይቼዋለሁ፤ እንዲህ አድርጌ ግን አስቤበት አላውቅም ነበር።

አንድ ማስተካከያ ልጨምር። አዲስ አበባ በ1940ዎቹ አጋማሽ የራሷን ቻርተር አግኝታ ነበር፤ እዚያም የምክር ቤቱ አባላት ከየወረዳው በባለንብረቶች ሲመረጡ ከንቲባው ግን እንደተለመደው ከላይ ይሾም ነበር። የደሴ ብቻ ነገር ነው ተብሎ እንዳይወሰድ ነው። በ1958 ዓ.ም. ደግሞ ለተመረጡ አውራጃዎች የራስ አስተዳደር የሚሰጥ ትእዛዝ ቁጥር 43 ወጥቶ፣ የተመረጡ ምክር ቤቶች ይቋቋማሉ ተብሎ ነበር፤ ፓርላማው ሳይቀበለው ቀረ። ስለዚህ በጃንሆይ ዘመን የአገር ቤት ሰው አካባቢውን በሚመለከት ሰው የመረጠበት ዋናው መድረክ ይኸው የባለቦታዎች ምክር ቤት ሆኖ ቆየ።

የሳላይሽ ልጅ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ እንዳሉኝ ደብዳቤውን መስኮት አጠገብ ይዤ፣ በእጥፋቱ ላይ የጠፉትን ፊደላት እያስተያየሁ አነበብኩት። ዋናው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦ «በከተማው ባለቦታዎች ለምክር ቤት አባልነት ስለ ተመረጡ፣ በግርማዊ ጃንሆይ በተሾሙት ከንቲባ ፊት እንዲቀርቡ።» ሁለቱም ቃል በአንድ መስመር ላይ ነበር። አጎቴ የመጀመሪያውን ግማሽ ሲጠቅስ ኖሯል፤ አክስቴ ደግሞ ሁለተኛውን። አንዳቸውም እስከ መጨረሻው አላነበቡትም ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ነገር አየሁ። ጋሼ ስለ ካርኒዎቹ የነገሩኝ እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ ስፒሏን ነቅዬ ካርኒዎቹን ለየብቻ ዘረጋኋቸው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ወረቀቱ እንዳይቀደድ ፈርተን ማንም አልነካቸውም ነበር። የሁለቱም ቀለም ወይን ጠጅ ሆኗል፤ የገንዘቡ ልክ አይነበብም። የከፋዩ ስም ግን ይነበባል። የአያታችን ስም አይደለም። የባለቤታቸው፣ የሴት አያታችን ስም ነው፤ «ወይዘሮ» ተብሎ ከነአባቷ ስም ተጽፏል።

ቦታው ከአባቷ የወረሰችው እንደ ነበር እናቴ ትናገር ነበር፤ እኛ ግን ቤቱን ሁልጊዜ «የአባዬ ቤት» ብለን ስለምንጠራው ነገሩን አላሰብንበትም። ካርኒው የእሷ ነበር፤ ጋቢውን ለብሶ ማዘጋጃ ቤት የሄደው እሱ ነው። የልብስ ሰፊው ልጅ ስለ በረንዳው የጻፉትን ካነበብኩ በኋላ ያችን ስም ደጋግሜ አየኋት። አያታችን ለምን ካርኒዎቹን ከደብዳቤው ሳይለዩ ሃምሳ ዓመት እንዳስቀመጡ አሁን የገባኝ ይመስለኛል፤ እሳቸው ከማን ቦታ ላይ ቆመው እንደ ተመረጡ ያውቁ ነበር።

ዛሬ ማታ አክስቴ ጋ ደውዬ ስሙን አነብላታለሁ። ስፒሏን መልሼ አልሰካኋትም፤ ወረቀቱን እየበላችው ነበርና ካርኒዎቹን በነጭ ክር አስሬ፣ ከደብዳቤው ላይ አድርጌ አስቀምጫቸዋለሁ።